ፈጣሪ አትበሉት፣ ሜትር ስጡት!

ዜናውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ካሜራው አንድ የገጠር መንደር ይደርሳል። የ13 ዓመት ልጅ ከካርቶን የሠራውን ኤክስካቫተር ይዞ ቆሟል። ሲሪንጁን ሲጫን የኤክስካቫተሩ ክንድ ይነሳል፣ አፈር ይዝቃል፣ ዞሮ ይደፋል። ጋዜጠኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ታዳጊው የፈጠራ ባለሙያ!» ይላል። ልጁ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ይጠየቃል። «ኢንጂነር» ይላል። አንድ ኃላፊ ቀርበው «ድጋፍ ሊደረግለት ይገባል» ይላሉ። ማን እንደሚደግፈው አይናገሩም። ሙዚቃ ይገባል። አለቀ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም! በሚቀጥለው ወር ሌላ መንደር፣ ሌላ ልጅ፣ ያው ሙዚቃ።

ጋዜጠኝነት ተምሬ የወጣሁ ነኝና ይህ ዜና እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ተመልካቹን ደስ ያሰኛል፣ ማንንም አያስቀይምም። እኔ ዛሬ የተጣላሁት «ፈጠራ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። እነዚህ ልጆች ፈጣሪ አይደሉም። ሞዴል ሠሪ ናቸው። ይህን የምለው ላሳንሳቸው ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ማንም ያልሰጣቸውን ክብር ልሰጣቸው ነው። ታገሱኝማ።

ላንቴ፣ መንገድ ዳር

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ስትወጡ በቀኛችሁ አባያ ሐይቅ፣ በግራችሁ የጋሞ ተራሮች ይሸኟችኋል። የጫኖን መንደሮች አለፍ ስትሉ ላንቴ ናት። አገሩ የሙዝ አገር ነው። ሙዙ ደግሞ በእግሩ አዲስ አበባ አይገባም፤ አይሱዙ ተሳፍሮ ነው። የላንቴ ልጅ ታዲያ አይሱዙን እንደ እኛ ሽው ብሎ ሲያልፍ ብቻ አይደለም የሚያየው። ቆሞ ሲጫን ያየዋል። ከሥር ቅጠል ተነጥፎ ዘለላው ሲደረደር፣ ገመዱ ሲወጠር፣ ረዳቱ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ሲያደርግ፣ ጭነቱ ሲከብድ ባሌስትራው ቀጥ ሲል ያያል። እኛ ከተሜዎቹ በሚያደርሰው አደጋ የተነሳ «አልቃይዳ» ብለን ስም ያወጣንለትን መኪና እሱ በየብልቱ ያውቀዋል።

እናም ይሠራዋል። ሻንሲው ሽቦ፣ ጋቢናው የዘይት ጀሪካን ወይም የጣሳ ቆርቆሮ፣ ጎማው ከአሮጌ ሸበጥ በክብ የተቆረጠ። ስፖንዳው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስፖኪዮው ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ነው። ከኋላ ረጅም ዘንግ አለው፤ ልጁ ሳያጎነብስ እየሮጠ የሚነዳው በሱ ነው። የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን የሽቦ መሪ ሲያዞር፣ ዘንጉ ዞሮ የፊት እግሩን ይዞት ይታጠፋል። መሪና ጎማ እንዴት እንደሚገናኙ ማንም ሳያስተምረው ገብቶታል።

አሁን ጓደኛው መጥቶ ሲተቸው ስሙት። «ይሄ የትኛውን የማኅበረሰብ ችግር ይፈታል?» አይለውም። «የአይሱዙ ጋቢና እንዲህ አይሾልም» ይለዋል። «የኋላው ጎማ ድርብ ነው፣ አንተ ነጠላ አደረግከው!» ይለዋል። ልጁም ይናደዳል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ይሠራዋል። የሁለቱም ጭቅጭቅ ስለ አንድ ነገር ነው፦ ምን ያህል እውነተኛውን ይመስላል? ይህ ጥያቄ የሞዴል ሠሪ ጥያቄ ነው። በዓለም ዙሪያ ስም፣ ሕግና መለኪያ ያለው ሙያ ነው።

የዓለሙ ሰው ምን ይለዋል?

ሌላው ዓለም ሞዴል መኪናን የሚሠራው በልክ ነው። 1:24 ማለት እውነተኛው መኪና 24 እጥፍ ተሰንጥቆ አንዷ እጅ ተወሰደች ማለት ነው። 6 ሜትር የሚረዝም የጭነት መኪና በዚህ ልክ 25 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጎማውም፣ በሩም፣ የፊት መስታወቱም በዚያው ልክ ማነስ አለበት። አንዷ ከተዛባች ዓይን ወዲያው ይይዛታል። ክፍሎቹ ከፕላስቲክ ተቀርጸው በካርቶን ይሸጣሉ፤ ገዢው ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ያጣብቃል። የተዋጣለት ሠሪ በዚህ አያበቃም። የፍሬን ቱቦ ከቀጭን ሽቦ ይጨምራል፣ ፓራውልቱ ላይ ዝገት ይስላል፣ ጎማው ሥር ጭቃ ይረጫል። ይህን የሚያደርጉት ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወራት ይፈጁበታል። «ሥራ ፈት» የሚላቸው የለም።

የላንቴው ልጅ ልዩነቱ ካርቶኑ የሌለው መሆኑ ነው። ክፍሎቹንም፣ መመሪያውንም፣ ቀለሙንም ራሱ ነው የሚያመጣው። በነገራችን ላይ ብቻውን አይደለም። ማላዊ ውስጥ የሽቦ መኪና «ጋሊሞቶ» ይባላል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ በብዙ አገሮች ልጆች ይሠሩታል።

«ታዲያ ከሽቦ መኪና ምን ይገኛል?» ለምትሉኝ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፊሸር ቦዲ የሚባለው የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ከ1930 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች የሞዴል ውድድር ያካሂድ ነበር። መጀመሪያ የሰጧቸው ሥራ «አዲስ ነገር ፍጠሩ» አልነበረም። የናፖሊዮን ዘመን ሠረገላ ንድፍ ሰጥተው «ይህን በትክክል ቅዱ» አሏቸው። የራሳቸውን መኪና ነድፈው በ1:12 ልክ እንዲሠሩ ዕድሉ የተከፈተው ከ1937 ጀምሮ ነው። ዳኞቹ ይለኩ ነበር፣ ነጥብ ይሰጡ ነበር። አሸናፊው የኮሌጅ መማሪያ ገንዘብ ያገኛል። በ1947 ቻክ ጆርዳን የሚባል ወጣት 4,000 ዶላር አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ተቀጠረ፤ በ1986 የኩባንያው የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ልብ በሉ! ኩባንያው ልጆቹን «ፈጣሪ» ብሎ አጨብጭቦ አልሸኛቸውም። ለካ፣ ከፈለ፣ ቀጠረ።

ጃፓንንም ጥቀሱልኝ ካላችሁ፣ ታሚያ ዛሬ የዓለም ሞዴል ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው። በ1946 ሺዙኦካ ውስጥ ሲጀመር ግን የእንጨት ንግድ ቤት ነበር፤ በጦርነት በተሸነፈች አገር ውስጥ። የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል ያወጣው በ1960 ነው። እንጨት ከሚያውቅ እጅ ነው የተነሳው።

ቃሏ ለምን ትጎዳለች?

«ፈጣሪም በሉት ሞዴል ሠሪ፣ ምን ልዩነት አለው?» የሚል አይጠፋም። ትልቅ ልዩነት አለው።

አንደኛ፣ ፈጣሪ ያላችሁትን ልጅ የምትለኩት በፈጠራ ሚዛን ነው። ኤክስካቫተሩ ደግሞ ቀድሞ የተፈጠረ ነገር ነው። ስለዚህ የአእምሮ ንብረት መሥሪያ ቤት ቢሄድ የሚያስመዘግበው የለውም፤ ባለሀብት ጋ ቢሄድ የሚሸጠው የለውም። ስሙ ትልቅ፣ እጁ ባዶ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሞዴል ሠሪ ያላችሁትን ልጅ ግን ዛሬውኑ ልታስተምሩት ትችላላችሁ። «መኪናህ በስንት ልክ ነው? ጋቢናው ስንት ሴንቲሜትር መሆን ነበረበት? ለካው፣ አካፍለው፣ ሳለው።» ይኸው ሬሾ፣ ይኸው ጂኦሜትሪ፣ ይኸው ቴክኒካል ድሮዊንግ። የሲሪንጁን ጉዳይ አንሱ፤ የትልቁ ሲሪንጅ ስፋት የትንሹን አራት እጥፍ ከሆነ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ የሚሄደው ርቀት ግን ሩብ ብቻ። ልጁ ይህን በእጁ ያውቀዋል። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የፓስካል ሕግ ብሎ ሲጽፍለት ግን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው የለም።

ሁለተኛው ምክንያቴ መራር ነው። «ፈጣሪ» የምንለው «የእጅ ባለሙያ» ማለት ስለሚያሳፍረን ይመስለኛል። ይህ አገር ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን ሲያንቋሽሽ የኖረ አገር ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ስላለ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የአገሩን ሰው በዓል በመጣ ቁጥር የሚያለብሰው የጋሞ ሸማኔ ስንት ስድብ እንደጠጣ ሽሮ ሜዳን ጠይቁ። ጋሞ ውስጥም ቢሆን ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ተለይተው ይታዩ ነበር። እንግዲህ አንድ ልጅ በእጁ ድንቅ ነገር ሲሠራ ሲገኝ ከዚያ ስም እናሸሸውና «ሳይንቲስት» እናደርገዋለን። ሙገሳው የእጅን ሥራ መናቅ ነው። ልጁን ያደነቅነው ከሙያው ለይተን ነው!

ሦስተኛ፣ አጨብጫቢ አይጠይቅም። እስቲ ያን ሲሪንጅ ልጁ ከየት አመጣው? ከፋርማሲ ገዝቶት ከሆነ እሰየው። ከጤና ጣቢያ ጀርባ ካለ የቆሻሻ ጉድጓድ ከሆነስ? ያገለገለ መርፌ ሄፓታይተስም ኤችአይቪም ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። «ከወዳደቁ ቁሳቁሶች» የምትለውን ሐረግ ስንቶቻችን በኩራት ጽፈናታል? አንድ እሽግ ንጹሕ ሲሪንጅ ይዞ መሄድ ግን ለማናችንም ትዝ አይለንም።

ለተቃዋሚዎቼ

«ልጆቹ ደብተር በሌላቸው አገር ስለ መጫወቻ ታወሪያለሽ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አወራለሁ። የምጠይቀው ላቦራቶሪ አይደለም። አንድ ሜትር፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ። አራት ሆነን ለማኪያቶ በምንቀመጥበት ገንዘብ የአንድ ክፍል ሜትር ይገዛል። ቦታውም አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮም የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል። ልጁ የሽቦ አይሱዙውን ይዞ ወደዚያ ክፍል ይግባ፤ በር ላይ አትቀሙት።

«ድህነትን ታቆነጃለሽ» የሚለኝ ደግሞ ተሳስቷል። ቱሪስቱ መኪናውን አቁሞ የልጁን የሽቦ መኪና ፎቶ አንስቶ ብስኩት ሰጥቶት ሲሄድ እንደ እናንተው ያመኛል። ቆሻሻ ውስጥ መፈለግ ውብ ነው አላልኩም። ፍለጋውን ተውና መሣሪያ ስጡት ነው የምለው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችንም። በዚህ ሁሉ ጽሑፍ «ልጁ» እያልኩ የመጣሁት በወንድ ነው፤ ልብ ብላችኋል? ዜናውም እንደዚያው ነው። ወንዱ ሽቦ ሲያጥፍ «እጁ ይፈታል» ይባላል። ሴቷ ፒንሳ ስትይዝ «ውሃ አልቀዳሽም እንዴ?» ትባላለች። ሙዙን ተሸክማ መንገድ ዳር የምታደርሰው ግን እሷም ናት። አይሱዙውን እሷም ቆማ አይታዋለች። የአሜሪካኖቹ ውድድር ትልቁ ነውሩ ለወንዶች ብቻ መሆኑ ነበር። እኛ የነሱን ስህተት ከ1930 ጀምረን የምንደግምበት ምክንያት የለንም።

እናስ ምን ይደረግ?

እዚህ አገር መኪና መገጣጠም ዛሬ አልተጀመረም። አዲስ አበባ ላይ አምቼ የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪና የሚገጣጥም፣ የሚያስመጣ፣ የሚሸጥ ስንት ድርጅት አለ? ከመካከላቸው አንዱ በዓመት አንዴ ውድድር ያውጣ። ሕጉ ቀላል ይሁን፦ አንድ መኪና ምረጥ፣ ምረጪ፤ በ1:10 ልክ ሥሩት፤ ከማንኛውም ንጹሕ ነገር። ዳኞቹ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ መካኒኮችና ላሜራ ሠሪዎች ይሁኑ፤ ሜትር ይዘው ይለኩ። ሽልማቱ የምስክር ወረቀት እንዳይሆን አደራ! የቴክኒክ ኮሌጅ ክፍያ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ የክረምት ወር የጋራዥ ልምምድ ይሁን። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከላንቴ ሩቅ አይደለም፤ የሜካኒካል ተማሪዎቹ አንድ ቅዳሜ ካሊፐር ይዘው ቢመጡ ከልጆቹ የሚማሩትም አይጠፋም።

እኛ ጋዜጠኞችስ? እኛማ ቢያንስ ሦስት ጥያቄ እንጨምር። በስንት ልክ ነው? ሲሪንጁ ከየት መጣ? ባለፈው ዓመት ያሳየነው ልጅ አሁን የት ነው? ሦስተኛዋን ጥያቄ ይዞ ወደ መንደሩ የሚመለስ ዜና እስካላየሁ ድረስ «ታዳጊው የፈጠራ ባለሙያ» የሚለውን አልሰማም። ሙዚቃውንም ቀንሱልኝ።