ስለ ግብር ግምት፤ ለጭሮና ለምዕራብ ሐረርጌ ሹማምንት የቀረበ ሐሳብ

ግብር የሀገር ምሰሶ መሆኑን የማያውቅ ሹም የለም። መንገዱ የሚጠረገው፤ ትምህርት ቤቱ የሚሠራው፤ የእርሻ ባለሙያውም ደመወዝ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ነገር ግን ባላገሩን የሚያሳዝነው የግብሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን፤ በምን ተለክቶ እንደ ተጣለበት ሳያውቅ መክፈሉ ነው።

ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፤ ጥቂት ወደ ኋላ እንመልከት። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ ጨርጨርን ለሌላው ግዛት የአስተዳደር አርአያ ለማድረግ ደክመዋል፤ ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ፤ በጋሻ የሚቆጠረውን መሬት ለም፤ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለ። ሐረርጌም በዚሁ ዐዋጅ ውስጥ ነበረች። በአሥራት ፈንታ የሚከፈለው ተጨምሮ፤ ለለሙ ጋሻ 50 ብር፤ ለለም ጠፉ 40 ብር፤ ለጠፉ 15 ብር ተቆረጠ። ልኩ በዐዋጅ መታወቁ ደግ ነገር ነበር፤ ዳሩ ግን ለም ነው ወይስ ጠፍ የሚለው በገማች ቃል የሚወሰን ስለ ሆነ፤ አንዲት ቃል በአንድ ጋሻ 35 ብር ታበልጥ ወይም ታጎድል ነበር።

በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ተተካ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን፤ የግል ገበሬዎችንና የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልሎች ሰጠ። ሕጉ ሲለዋወጥ የገማች ቃል ግን አልቀረም። በ2009 ዓ.ም. የዕለት ገቢ ግምት በኦሮሚያ ከተሞች በትንንሽ ነጋዴዎች ዘንድ ብርቱ ቅሬታ አስነሥቷል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የገቢ ግብር ዐዋጅ የግብር ከፋዮችን ደረጃ ከሦስት ወደ ሁለት አውርዷል፤ ነገር ግን ደረጃ ቢቀነስ ግምቱ ካልተስተካከለ ለከፋዩ ምን ይጠቅመዋል?

መዝገብ የማይዘውን ሰው ከመገመት በቀር ምን እናድርግ የሚል ሹም ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ቢሆንም የገለምሶን ቡና ሻጭ በአንድ የገበያ ቀን አይቶ የዓመቱን መቍረጥ፤ ዝናም የከዳውንም የሚኤሶን ቆላ ከደጋው ጋር ማስተካከል ፍርድ አይደለም።

ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፤ ግምቱ በልዩ ልዩ ወራት ታይቶ ይቆረጥ፤ ገንዘቡ ከመጠየቁ አስቀድሞ ምክንያቱ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በቀበሌው ይነበብ፤ ቅር ያለው ሰው የሚቀርብበት ጊዜ ይሰጠው፤ የእርሻውም ግብር እህል ከገባ በኋላ ይሰብሰብ። ልኩን አውቆ የከፈለ ሰው በሚመጣው ዓመት ራሱ ይመጣል፤ ሳያውቅ የከፈለው ግን ገማቹን ሲያይ ማሽላውን ይደብቃል።