ያልተነካ ግልግል ያውቃል

አበው «ያልተነካ ግልግል ያውቃል» ይላሉ። አባባሉ ለመምህርም እንደሚሠራ የገባኝ ግን ተማሪዎች ፊት ቆሜ ሳስተምር ሳይሆን፣ እኔው ራሴ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተማሪ ሆኜ ስቀመጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚህ ትምህርት ክፍል ከመምጣቴ በፊት በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ መጥበቅና መላላት ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ «ገና ገና ነው» ብዬ ጻፍኩና አንዱን ልጅ አስነሥቼ አስነበብኩት። የመጀመሪያው ጠብቆ በዓሉን፣ ሁለተኛው ላልቶ ጊዜው አለመድረሱን መናገር ነበረበት። ልጁ ሁለቱንም አላላቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ። «በዓሉንም ረሳኸው እንዴ?» ብዬም ጨመርኩበት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። እኔም «ሰነፍ ነው» ብዬ ደመደምኩ፤ በዓመቱ መጨረሻ 38 ከመቶ ሰጥቼ ሸኘሁት።

በ2009 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ወደ ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ ሄድኩ። በቻይንኛ አንዱ ቃል ከሌላው የሚለየው በድምፅ ቃናም ጭምር ነው፤ ዋናዎቹ ቃናዎች አራት ናቸው። «ማይ» ድምፁ ዝቅ ብሎ ከፍ ሲል «መግዛት» ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ «መሸጥ» ይሆናል። እኔ ታዲያ ፍራፍሬ ሻጯ ፊት ቆሜ «ፖም እሸጣለሁ» ስል ከረምኩ።

ገበያው ላይ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ክፍል ውስጥ ግን ሳቅ የለም። መምህርቷ በየጠዋቱ ቃላት እየጠራች ታጽፈናለች። ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ፣ በሃያ ዓመት ልጆች መሀል አንገቴን እደፋለሁ። ሲጨንቀኝ ከጎኔ ካለው ልጅ ደብተር እመለከታለሁ። «ገባችሁ?» ስትል ምንም ሳይገባኝ ከሁሉ ቀድሜ ራሴን እነቀንቃለሁ። ልብ በሉ፤ እኔ እነዚህኑ ነገሮች ኩረጃ፣ ውሸትና ስንፍና እያልኩ ተማሪ ስቀጣባቸው ነበር የኖርኩት።

አንድ ማታ ለፈተና ሳጠና ያ ልጅ ትዝ አለኝ። የቻይንኛ ጽሕፈት ቃናውን አያሳይም። የኛም ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ልጁ የተማረበት ቁቤ ግን ያሳያል፤ ሲጠብቅ ሆሄው ይደገማል። በአፋን ኦሮሞ «መጥፎ» እና «ደጋ» የሚሉትን ቃላት በጽሑፍ የሚለያቸው አንድ የተደገመ ሆሄ ነው። ልጁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መጥበቅን በዓይኑ እያየ ነው ያደገው። ያልተደገመ ነገር አየ፣ አላልቶ አነበበ። ስህተቱ ምክንያት ነበረው፤ ያንን ማወቅ የነበረብኝ ደግሞ እኔ መምህሩ ነበርኩ።

አንዳንዱ «ርኅራኄ ከበዛ ትምህርት ይወድቃል» ይላል። የቻይንኛ መምህሬ አንድም ነጥብ አልጨመረችልኝም፤ በመጀመሪያው ፈተና ወድቄያለሁ። ነገር ግን ስሳሳት አታቋርጠኝም። ስጨርስ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክላ ትደግምልኛለች፣ እኔም እደግማለሁ። መልሱን ፍለጋ ስንተባተብ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከሷ ያየሁት ርኅራኄ ይኸው ነው።

ደግሞም መቸገር ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም። «እኔ ለፍቼ ነው ያወቅሁት፣ እነሱም ይልፉ!» የሚል ከውጭ የተመለሰ መምህር አይተን የለም እንዴ? ችግሩ የሚጠቅመው ወደ ኋላ ዞሮ «እኔስ ማንን እንዲህ አድርጌ ነበር?» ብሎ ለጠየቀ ነው።

ይህን ለማወቅ ግን ቪዛ አያስፈልግም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጀምራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እዚያ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ትምህርቱ ይክበደው ቋንቋው፣ ስንቶቻችን ለይተን እናውቃለን?

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። መምህር ለመሆን የሚሰለጥን ሁሉ ጨርሶ የማያውቀውን ቋንቋ ለአንድ ሴሚስተር ይማር። አፋን ኦሮሞ ለማይችል አፋን ኦሮሞ፣ ለሚችለው ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም የምልክት ቋንቋ ይሰጠው። ፈተና ይኑረው፣ ውጤትም ይያዝበት። ከዚያ በኋላ ተማሪ አስነሥቶ ሲያስነብብ ከመሳቁ በፊት ቆም ብሎ ያስባል ብዬ አምናለሁ።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እስከዚያው ግን ነገ ከፊቴ የሚቀመጡት አሉ።

ቸር እንሰንብት።