በብዙ ተማሪዎች መካከል እንግሊዝኛ ስለ ማስተማር



ባለፈው ወር ሴት ልጄ ወደምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሄጄ በእንግሊዝኛ ሰዓት ከኋላ ተቀምጬ ነበር። በክፍሉ 70 ተማሪዎች አሉ። ሰዓቱ 40 ደቂቃ ነው፤ አስተማሪው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ጊዜውን ሁሉ ለልጆቹ ቢያካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው 34 ሰከንድ ያህል ነው። በፊት የተቀመጡት አምስቱ ሲመልሱ የቀሩት ዝም ብለው ይገለብጡ ነበር። ልጄም ከዝምተኞቹ ወገን ነበረች።

በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፤ ቋንቋው ያልገባው ልጅ የሚጐድልበት አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ፊዚክሱም አብሮ ይጐድልበታል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ትምህርቱ በሳተላይት ቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የቴሌቪዥኑ አስተማሪ «አልገባኝም» ቢሉት ቆሞ አይሰማም።

ስወጣ ከሚቀጥለው ክፍል ታላቅ ጫጫታ ሰማሁ። ሥርዓት የጠፋ መስሎኝ ሳልመረምር ለዲሬክተሩ ተናገርሁ፤ እሳቸውም ገብተው ጸጥ አሰኙት። በኋላ አስተማሪይቱ በትሕትና አስረዱኝ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሸሸገውን ሥዕል በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሁለተኛው ሳያይ ይሥላል። በዚህ ዓይነት 35 ልጆች በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። እኔ ራሴ በየኔታ ቤት ያደግሁት እንዲሁ ነበር፤ ዳዊት ደጋሚው ፊደል ቈጣሪውን ሲያስቀጽል ደጁ ሁሉ ይጮኽ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጫጫታ ያለው ማንም አልነበረም።

ልጆቹ ዞር ሲሉላቸው ወደ አማርኛ እንደሚመለሱ፤ አንዱም የሌላውን ስሕተት እንደሚቀበል አልሸሸጉኝም። የ70 ደብተር እርማት፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጡት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ በየጊዜው ዐሥር ደብተር ብቻ ወስደው የጋራውን ስሕተት በሰሌዳ ላይ ያርማሉ።

በማግሥቱ ተመልሼ ክሴን በዲሬክተሩ ፊት አነሣሁ። የልጄን አስተማሪ ስለዚሁ ብጠይቃቸው፤ «ወላጅ ይከሰናል ብለን እንፈራለን» አሉኝ፤ መልስ አጣሁ።

አሁን ከራት በኋላ ልጄ ሥዕል ሸሽጋ በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፤ እኔም እሥላለሁ። ትናንት ማታ ከበሩ በስተ ግራ ያለችኝን ዛፍ በስተ ቀኝ ሣልሁ፤ በሚሲዮን ተማሪ ቤት የተማርሁትን እንግሊዝኛ እያሳቀች አረመችልኝ።