ስንቀጣ «ጠላት ነው» አንበል

ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን እንደሚያስከፋ አውቃለሁ፤ ግን ሆዴ ውስጥ ከያዝኩት ቆይቷልና ልጻፈው። የከፋው ካለ በውስጥ መስመር ይምጣ፣ እንነጋገራለን።

እዚህ ፌስቡክ ላይ በየቀኑ የማየው ነገር አለ። ሰው ሥራውን ያጣል፤ «የጠላት ጥቃት ነው» ይላል። ትዳሩ ይናጋል፤ «ከዘር የተከተለ መንፈስ ነው» ይላል። ከስር መቶ ሰው «ይሰበር! አሜን!» ብሎ ይጽፍለታል። አንድም ሰው ግን «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ሥራ በሰዓትህ ትገባ ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። እኔ ይሄንን እምነት ነው ብዬ አልቀበልም። ከእግዚአብሔር ተግሣጽ መሸሻ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ይለዋል። እኛ በተለምዶ ሰነፍ የምንለው ሥራ የማይወደውን ነው፤ እሱን መጽሐፍ ታካች ነው የሚለው። በምሳሌ ላይ ሰነፍ ማለት ምክር የማይገባው፣ ዘለፋ የሚጠላ ሞኝ ነው። እንዲያውም ምዕራፍ 27 ላይ እንዲህ ያለው ሰው በሙቀጫ ቢወቀጥ እንኳ ስንፍናው እንደማይለቀው ይናገራል።

ይሄን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ ተወቅጫለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ገንዘብህን በሦስት ወር እጥፍ እናደርግልሃለን የሚሉ ሰዎች መጡ። ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን 60,000 ብር ተበድሬ ልሰጣቸው ተነሳሁ። ባለቤቴ «እኔ አልገባኝም፣ ይቅርብን» አለች። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑ፣ እንደ አባት የማያቸው ሰው፣ ሁለት ጊዜ ጠርተው «ልጄ ተው» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በእምነት ዓይን አላዩትም» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ሁለት ወር ሳይሞላ ስልካቸው ተዘጋ። ምን አደረግኩ? ወደ ጸሎት ፕሮግራም ሮጥኩ። እጅ ተጫነብኝ፣ «የኪሳራ መንፈስ» ተገሠጸ፣ ወድቄም ተነሳሁ። በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ሲወጣ ብድሩ ተቆርጧል!

ጋሼ ቤት መጥተው ቡና እየጠጡ «ለመሆኑ ፈርም ብሎ እጅህን የያዘህ ማነው?» ሲሉኝ ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፈግኳቸው። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ፤ እኔ መከራውም መክሮኝ ገና አልሰማሁም ነበር።

የመለሰኝ የሳኦልና የዳዊት ታሪክ ነው። ሁለቱም ነቢይ ተላከባቸው፤ ሁለቱም «በድያለሁ» አሉ። ልዩነቱ የት ነው? ሳኦል (1ኛ ሳሙኤል 15) መጀመሪያ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ፣ ቀጥሎ በጎቹን ያመጣው ሕዝቡ ነው አለ፣ መጨረሻ ላይ ሲያምን ደግሞ ሳሙኤልን በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ለመነው። ያሳሰበው ስሙ ነው። ዳዊት ናታን ሲገሥጸው በማንም አላሳበበም። ይቅርታ አገኘ፤ ልጁ ግን ሞተበት። ታዲያ ዳዊት ምን አደረገ? ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ። ይሄን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ ይቅርታውን ፈልጌ ተግሣጹ እንዲነሳልኝ ነበር የምጸልየው፤ ዳዊት ግን ቅጣቱን ተሸክሞ ሰገደ።

አስተማሪ ስለሆንኩ አንድ ልጨምር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ብዙ ሰው ትውልዱ ላይ የተላከ ነገር አለ አለ። ልጆቹን በኩረጃ ስናሳልፍ፣ እኔም ጭምር ነጥብ ስጨምር የከረምነውን ግን ማን አነሳ? ጾም ጸሎት ከማወጃችን በፊት ቀይ እስክሪብቶአችንን ብናይ ይሻል ነበር።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታቱብኝ። መከራ ሁሉ ቅጣት ነው አላልኩም። የኢዮብ ወዳጆች እንደዚያ ብለው ነው እግዚአብሔር የተቆጣቸው። የታመመች እህት አልጋ ጋ ቆሞ «ምን በድለሽ ነው?» የሚል ሰው ከእኔም ይብሳል። እኔ የምናገረው በገዛ እጃችን ስለፈረምነው ነው። ዕብራውያን 12 አባት የሚቀጣው ልጁን እንደሆነ ይናገራል፤ ቅጣት የሌለበትን ዲቃላ እስከማለት ይደርሳል። ታዲያ ልጅነቴን የሚያሳየኝን ነገር ሰይጣን ነው ብዬ በኢየሱስ ስም ካባረርኩት ማንን ነው ያባረርኩት?

ጋሼን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። «ባለቤትህንስ ጠየቅካት?» አሉኝ፤ አልጠየቅኳትም ነበርና እሷንም ጠየቅኳት። ዕዳው ገና 14 ወር ይቀረዋል። አደራ፣ ከስር «ይሰበር» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። እየከፈልኩ ነው።