ጨካኝ ገዥ በፊልም ሲሥቅ

በጭካኔው የታወቀ ገዥን ሆኖ በፊልም የሚጫወት ተዋናይ ሰውዬውን ደስ የሚል አድርጎ ቢያሳየው ይመሰገናል ወይስ ይወቀሳል? እኛ በበኩላችን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን «የስኮትላንድ የመጨረሻው ንጉሥ» የተባለውን ፊልም ምስክር አድርገን፣ ይመሰገናል እንላለን።

ፊልሙ የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ1971 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዞ እስከ 1979 ድረስ ኡጋንዳን ስለ ገዛው ስለ ኢዲ አሚን ነው። በእርሱ ዘመን የተገደለው ሰው ቁጥር እስከ 300,000 ይገመታል። አሚንን ሆኖ የተጫወተው አሜሪካዊው ፎረስት ዊቴከር ሲሆን፣ በ2007 የኦስካር ሽልማት ተቀብሎበታል።

ዊቴከር አሚንን ሲቆጣና ሲያስገድል ብቻ አሳይቶን ቢሆን ኖሮ ሥራው በቀለለለት ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ያሥቀናል። ለገጠሩ ሕዝብ ሲናገር ልብ ይማርካል፤ በመንገድ ላይ ካገኘው ወጣት ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጋር ሸሚዝ ይለዋወጣል። ቆይቶ ግን ሣቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ዓይኑ ይለወጣል። ያን ጊዜ ተመልካቹ የሚደነግጠው በአሚን ብቻ አይደለም፤ አብሮ ይሥቅ በነበረው በራሱም ጭምር ነው።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከአሚን ይልቅ ሐኪሙ ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ጄምስ ማካቮይ የተጫወተው ይህ ወጣት ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን የገዥው ወዳጅነትና የተሰጠው መኪና ልቡን አሳበጡት። ስለ አንድ ሚኒስትር የጠረጠረውን ሳያጣራ ለአሚን ነገረ፤ ሚኒስትሩም በዚያው ጠፋ። እስያውያንን ማባረሩ ጉዳት ባስከተለ ጊዜ ደግሞ፣ አሚን ጥፋቱን አጥብቆ አልመከረኝም ብሎ በሐኪሙ ላይ አላከከ።

ይሁን እንጂ ፊልም የታሪክ መዝገብ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሐኪሙ ጃይልስ ፎደን በ1998 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ የተፈጠረ ሰው ነው፤ በፊልሙ ከአሚን ሚስት ከኬይ ጋር ያደረገው ፍቅርም እንዲሁ ፈጠራ ነው። የኡጋንዳ ሕዝብ መከራ በአንድ የውጭ አገር ሰው ጭንቀት መጋረዱም ያሳዝናል። ስለዚህ እውነተኛውን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይግባ።

የተዋንያኑ ጥበብ ግን ከነዚህ ጉድለቶች በላይ ነው። ጨካኝ ሰው ቀንድ አብቅሎ ቢመጣ ኖሮ ማንም ባልተከተለው ነበር፤ የሚመጣው ግን እየቀለደና እየሸለመ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ወጣት ሹም «ይህ አይሆንም» ማለትን መልመድ የሚገባው አለቃው ገና በሚሥቅበት ጊዜ ነው።