ከክፍያ ነፃ የፍትሐ ብሔር የሕግ ድጋፍ በከሚሴና በአካባቢዋ፦ መብቱ፣ ክፍተቱና የጊዜ ገደቡ

የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ጠበቃ የመቅጠር አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ እንዲያቆም የሚያስገድደው አንቀጽ 20 የሚመለከተው በወንጀል የተከሰሱ ሰዎችን ነው። መሬቷ በሌላ ሰው የተያዘባት መበለት፣ ለልጇ ቀለብ የምትጠይቅ እናት ወይም ደመወዙ የተከለከለ የቀን ሠራተኛ በዚህ ድንጋጌ አይሸፈኑም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚገኘው ነፃ ድጋፍ በተለያዩ ሕጎችና ተቋማት ተበትኖ የሚገኝ በመሆኑ፣ ተገልጋዩ የትኛውን በር መቼ ማንኳኳት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቁ ለውጤቱ ወሳኝ ነው።

ጉዳዩ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ጎልቶ ይታያል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ457 ሺህ በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው የገጠር ነዋሪ ነው። ከባቲ ተነሥቶ በዋናው የአስፋልት መንገድ ወደ ዞኑ ርዕሰ ከተማ ከሚሴ የሚጓዝ ባለጉዳይ በኮምቦልቻ በኩል መዞር ይኖርበታል። አንድ ቀጠሮ የትራንስፖርት፣ የምግብና የባከነ የሥራ ቀን ወጪ ያስከትላል። ለብዙ ቤተሰቦች ከጠበቃ ክፍያ አስቀድሞ ክርክሩን የሚያስተዋቸው ይህ ወጪ ነው። ስለዚህ ምክርና የአቤቱታ ዝግጅት በቅርብ ወረዳ መገኘቱ ትልቅ ትርጉም አለው።

ለገጠሩ ነዋሪ ቅርብ የሆነው በር የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው። የክልሉ የፍትሕ ተቋማት ዐቃቤያነ ሕግ የገንዘብ አቅም ለሌላቸው ዜጎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች፣ የሕግ ምክር ይሰጣሉ፤ የክስና የመልስ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ እንደ ጉዳዩ ሁኔታም ወክለው ይከራከራሉ።

ሁለተኛው በር ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው «በድሃ ደንብ» ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። አመልካቹ ያለውን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ በመሐላ ያቀርባል። ፍርድ ቤቱም አቅሙን ብቻ ሳይሆን ክሱ የሕግ መሠረት ያለው መሆኑን ይመረምራል። ንብረትን መደበቅ ማመልከቻውን ለውድቅነት ይዳርጋል። ይህ ሥርዓት የሚያቃልለው ክፍያውን እንጂ የሚመድበው ጠበቃ አለመሆኑን መገንዘብ ይገባል። ሠራተኞች ግን ልዩ ጥበቃ አላቸው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለሥራ ክርክር ችሎት የሚቀርብ ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው።

ከእነዚህ ባሻገር የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል። በፌዴራል ደረጃም ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎ ነበር። ሆኖም ጠበቆች በአብዛኛው በትላልቅ ከተሞች ስለሚሠሩ፣ የሰዓት ግዴታ ብቻውን ለገጠር ቀበሌ ነዋሪ አገልግሎቱን አያደርስም።

በዞኑ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። ዞኑ በአፋን ኦሮሞ ሲሠራ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ ክርክሩ በይግባኝ ወደ ክልል ሲያድግ የትርጉም ጉዳይ አብሮ ይነሣል። ይህን ከመነሻው ለሕግ ባለሙያው ማሳወቅ ይጠቅማል። ሁለተኛው የዳኝነት ምርጫ ነው። የጋብቻ፣ የፍቺና መሰል የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታዩ የሚችሉት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ፈቃድ ከመስጠት በፊት ምክር መጠየቅ የእያንዳንዱ ወገን መብት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ባለመብቶችን የሚጎዳው መዘግየት ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ መክሰስ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ሲሆን፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 መሠረት ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈው ክሱ በይርጋ ሊቀር ይችላል። የገጠር መሬት ውርስ በክልሉ የመሬት ሕግ የሚገዛ በመሆኑ ተለይቶ መታየት አለበት። በሽማግሌ መታረቅ የተከበረና ወጪ ቆጣቢ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሽምግልና መጀመሩ በራሱ የይርጋን ጊዜ አያቆምም። እርቁ ሲሰምር ስምምነቱን በጽሑፍ ማድረግ፣ ክስ ተጀምሮ ከሆነም ለፍርድ ቤቱ አቅርቦ ማስመዝገብ ከዳግም ክርክር ይጠብቃል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ ቀዬውን ለቆ ሰነድ የጠፋበት ሰውም መብቱ አብሮ አልጠፋም። የመሬት ይዞታ ደብተር ቢጠፋ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ያለው መዝገብ ይጠየቃል፤ የፍርድ ግልባጭም ውሳኔውን ከሰጠው ፍርድ ቤት ይጠየቃል።

አገልግሎቱን የሚፈልግ ሰው መታወቂያውን፣ የገቢውን ዝቅተኛነት የሚገልጽ የቀበሌ ማስረጃ፣ በእጁ ያለውን ውል፣ የይዞታ ደብተር ወይም የጋብቻ ማስረጃ፣ የምስክሮችን ስምና አድራሻ እንዲሁም ነገሩ የተፈጸመበትን ቀን ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ ይፋጠንለታል። መጥሪያ የደረሰው ሰው ደግሞ የቀጠሮው ቀን ሳይደርስ መምጣት አለበት፤ በቀጠሮ ያልቀረበ ተከሳሽ በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል። ማስረጃው ሳይሟላ ቢቀር እንኳ ቀኑ ከሚያልፍ ያለውን ይዞ መቅረብ ይሻላል፤ የጎደለ ወረቀት ሊሟላ ይችላል፣ ያለፈ የይርጋ ጊዜ ግን በቀላሉ አይመለስም።