መጨረሻ በወጣች ልጅ አንሳቅ

የዛሬው አስተያየቴ ስለ ሩጫ ነው።

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን ስንዞር አንዲት የክፍላችን ልጅ መጨረሻ ወጣች። ሳቅንባት፤ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ «እግሬን አሞኛል» እያለች ዳር ትቀመጣለች። ያመማት ግን እግሯ አይመስለኝም።

አትሌት ትዕግስት አሰፋን ታውቋት የለ? መጀመሪያ የምትሮጠው 800 ሜትር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ተወዳድራ ለፍጻሜ አላለፈችም። ያኔ ሩጫ ብትተው ኖሮ ዛሬ ስሟን የሚያነሳ አይኖርም ነበር። እሷ ግን ወደ ማራቶን ዞረች። በ2014 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የመጀመሪያዋን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ጨረሰች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች።

ታዲያ ዛሬ አይከል ላይ መጨረሻ የወጣች ልጅ ነገ የት እንደምትደርስ ማን ያውቃል? ምናልባት የሚሆናትን ርቀት ገና አላገኘችው ይሆናል። ውድ መምህሮቻችን፣ ፈጣኖቹን ብቻ አትምረጡ፤ አጭሩንም ረጅሙንም ሁላችንም እንሞክረው። እኔም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያት አብሬያት እሮጣለሁ።